ከድው እስከ ድው፦ የልብ ድምፅና በመሃሉ ያለው ጸጥታ

ዊልያም ሃርቪ የደምን ዑደት ያብራራበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1628 ፍራንክፈርት ላይ ሲያሳትም፣ ደም በልብ ባለፈ ቁጥር ደረት ላይ የሚሰማ ምት እንዳለ በአንድ ቦታ ጠቅሶ ነበር። ኤሚሊዮ ፓሪሳኖ የተባለ የቬኒስ ሐኪም ይህን አንብቦ ተሳለቀበት። በቬኒስ እንዲህ ያለ ድምፅ የሚሰማ ሐኪም የለም፣ ለንደን ውስጥ የሚሰማ ካለ የታደለ ነው አለ። የተኛ ልጇ ደረት ላይ ጆሮዋን ያሳረፈች እናት ሁሉ የምታውቀውን ድምፅ፣ የዘመኑ ሊቃውንት አልሰማንም ሲሉ ማንበብ ይገርማል። ጆሯቸው ደኅና ነበር። ስለ ልብ የተማሩት ትምህርት ግን ድምፅ እንዲጠብቁ አላደረጋቸውም፤ ያልጠበቁትንም አላዳመጡም። አማርኛ ማስተዋልን «ልብ ማለት» ብሎ ሲጠራ፣ ለዚህ ታሪክ የተዘጋጀ አነጋገር ይመስለኛል።

ልብ ድው ድው ሲል ድምፁን የሚያሰማው ምኑ ነው? ከሃርቪ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ጥያቄውን በቅጡ ያነሳው አልነበረም፤ ከተነሳ በኋላም መልሱ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። እስካሁን የተደረሰበትን ሁሉ ሳየው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ስለ ሁለቱ ድምፆች ብዙ ተብሏል፤ በሽተኛውን የሚያኖረውም የሚገድለውም ግን አብዛኛውን ጊዜ በመካከላቸው ያለው ጸጥታ ነው። ስለዚህ ከጸጥታው ልጀምር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልብ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ፓምፖች ነው። ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ ግራው ከሳንባ የመጣውን ለመላው ሰውነት ያከፋፍላል። እያንዳንዱ ጎን ደም የሚቀበል ላይኛው ክፍልና ደም የሚገፋ ታችኛው ክፍል አለው። ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው በሮች አራት ናቸው። በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል በቀኝ ትራይከስፒድ፣ በግራ ሚትራል አለ። በመውጫው በኩል ደግሞ ወደ ሳንባ በሚሄደው ደም ቅዳ አፍ ላይ ፐልሞናሪ፣ በትልቁ ደም ቅዳ በአኦርታ አፍ ላይ አኦርቲክ አለ። እነዚህን በሮች የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ የለም። የሚታዘዙት ለግፊት ብቻ ነው፤ ከኋላቸው ያለው ሲበረታ ይከፈታሉ፣ ከፊታቸው ያለው ሲበረታ ይዘጋሉ። ይህችን የያዘ አንባቢ ቀሪውን ራሱ አስቦ ሊደርስበት ይችላል።

አረፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ልቡ በደቂቃ 75 ጊዜ የሚመታ ጎልማሳ እንውሰድ። አንዱ ዙር 0.8 ሰከንድ ይፈጃል። ታችኛው ክፍል ተኮማትሮ የሚገፋው ለ0.3 ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ በቀረው 0.5 ሰከንድ ልብ ላልቶ ይሞላል፤ ጸጥታው ይህ ነው። በዚህ በመሙያው ጊዜ በግራው ታችኛ ክፍል ያለው ግፊት ከ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። ሚትራል ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደሙ ከላይ ወደ ታች ማንም ሳይገፋው ይወርዳል። ሊያበቃ ሲል ላይኛው ክፍል ተኮማትሮ የቀረውን፣ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ የሚያህለውን፣ ይጨምርበታል።

የምቱን ትእዛዝ የምታስተላልፈው በቀኙ ላይኛ ክፍል ግድግዳ ውስጥ ያለች ጥቂት ሥጋ ናት። አርተር ኪትና ማርቲን ፍላክ በ1907 ገልጸዋታል። ጃፓናዊው ሱናዎ ታዋራ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ትእዛዙ ወደ ታች የሚሻገርበትን መገናኛ አግኝቶ ነበር። ትእዛዙ እዚያ ሲደርስ 0.1 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። መዘግየቱ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ላይኛው ክፍል የያዘውን አራግፎ ሳይጨርስ ታችኛው እንዳይጀምር ያደርጋል።

ከዚያ ታችኛው ክፍል መጨበጥ ይጀምራል። ግፊቱ የላይኛውን ክፍል ግፊት ባለፈበት ቅጽበት ሚትራል ይዘጋል፤ የመጀመሪያው ድው ይህ ነው። ለ0.05 ሰከንድ ያህል መግቢያውም መውጫውም ዝግ ይሆናል። ደሙ መሄጃ ስለሌለው ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፤ በአኦርታ ውስጥ ያለውን 80 ሲያልፍ አኦርቲክ ይከፈታል። ሲከፈት አይሰማም፤ ጤነኛ የልብ በር ሲከፈት ድምፅ የለውም። ግፊቱ 120 ገደማ ይደርስና 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይወጣል። ወደ 50 የሚጠጋው ውስጥ ይቀራል፤ ልብ ተሟጦ ባዶ አይሆንም። የደም ግፊቱን በክንዱ የተለካ ሰው «120 በ80» ሲባል የሚነገሩት ሁለት ቁጥሮች የዚሁ ዙር ጫፍና ግርጌ ናቸው።

ጡንቻው ሲላላ ግፊቱ ያሽቆለቁላል። በአኦርታ ያለው ደም ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል አኦርቲክ ይዘጋበታል፤ ሁለተኛው ድው ተሰማ። ግፊቱ ከላይኛው ክፍል በታች እስኪወርድ ሁሉም በሮች እንደገና ለአፍታ ዝግ ይሆናሉ፤ ከዚያ ሚትራል ያለ ድምፅ ይከፈታል፣ ሙሌቱም ይቀጥላል። ቀኙ ጎን ይህንኑ በ25 ገደማ ግፊት ይሠራል፤ ሳንባ ቅርብና ለስላሳ ስለሆነ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። በዚህ ሁኔታ በደቂቃ 5 ሊትር፣ ማለትም በሰውነታችን ያለውን ደም ያህል፣ በልብ ያልፋል።

አሁን ወደ ድምፁ ምንጭ እንመለስ። ረኔ ላኤኔክ በ1816 ፓሪስ ኔከር ሆስፒታል ውስጥ፣ አንዲት ወጣት በሽተኛ ሲመረምር ጆሮውን ደረቷ ላይ ማድረግ ነውር ስለመሰለው፣ ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ በደረቷ፣ ሌላውን በጆሮው አደረገ። ድምፁ በቀጥታ ጆሮ ከማስጠጋት ይልቅ ጠርቶ ተሰማው። ከዚያ በእንጨት ሠራው፤ በ1819 ያገኘውን ሁሉ በመጽሐፍ አወጣ። ማዳመጫውን የሰጠን ይህ ሰው ግን ስለ ልብ ድምፅ ምንጭ ተሳስቷል። የመጀመሪያው ድምፅ የታችኛው ክፍል መኮማተር ነው አለ፤ ሁለተኛው የላይኛው ክፍል መኮማተር መሰለው። የላይኛው ክፍል የሚኮማተረው ከመጀመሪያው ድው ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ይህ ግምት ዙሩን ሁሉ ያዛባል። ስሕተቱን ለማሳነስ አልፈልግም፤ በደንብ የሰማ ሰው የሰማውን ነገር ምንጭ በደንብ ያውቃል ማለት እንዳልሆነ ያሳያል።

እርማቱ ለመምጣት አልዘገየም። ዣን ሩዋኔ በ1832 በፓሪስ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ድምፆቹ የበሮቹ መዘጋት ናቸው አለ። ለንደን ላይ ጄምስ ሆፕ በ1830ዎቹ በአህዮች ላይ ሞከረው፤ የመውጫ በሮቹን ቅጠሎች በመንጠቆ ይዞ እንዳይዘጉ ሲያደርግ ሁለተኛው ድምፅ ጠፋ። ሲለቃቸው ተመለሰ። ከዚህ የጠራ ማስረጃ አይገኝም ያሰኛል፤ መቶ ዓመት ያህልም ክርክሩ ያለቀ መሰለ።

በ1950ዎቹ ግን ሮበርት ረሽመር ሲያትል ላይ ነገሩን እንደገና አነሳው። የበሮቹ ቅጠሎች ስስና ለስላሳ ናቸው፤ እንደ እንጨት በር ሲላተሙ የሚጮሁ አይደሉም። የሚጮኸው በሩ ሲዘጋ በድንገት የሚገታው ደም፣ ከደሙ ጋር የሚወጠረው በርና የሚርገበገበው ግድግዳ አንድ ላይ ናቸው አለ። ገመድ ስናወዛውዝ ጫፉ ድንገት ሲወጠር የሚሰማውን ድምፅ ያስታውሳል። ዛሬ በድምፅ ሞገድ የልብን በሮች እያዩ ድምፁንም አብሮ መቅዳት ስለሚቻል፣ የድምፆቹ ጊዜ ከበሮቹ መዘጋት ጋር እንደሚገጥም የታወቀ ነው። እኔ ሁለቱን ወገኖች ተቃራኒ አድርጌ አላያቸውም። በሩ ጊዜውን ይወስናል፤ ደሙና ግድግዳው ድምፁን ይሰጣሉ። ለሐኪሙ የሚያስፈልገው ደግሞ በዋናነት ጊዜው ነው።

ለዚህ ሁለተኛውን ድምፅ የሚያህል ምስክር የለም። ላልለመደ ጆሮ አንድ ድው ነው፤ በእውነቱ ሁለት ነው። አኦርቲክ ይቀድማል፣ ፐልሞናሪ ይከተላል። አየር ወደ ውስጥ ስንስብ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ወደ ቀኙ ልብ የሚመለሰው ደም ይበዛል፤ ቀኙ የበዛውን ለማስወጣት ተጨማሪ ጊዜ ስለሚወስድ ፐልሞናሪ ዘግይቶ ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ወደ 0.03 ወይም 0.04 ሰከንድ ይሰፋል፤ የሠለጠነ ጆሮ ይለየዋል። አየር ስናስወጣ መልሰው ይገጥማሉ። በጤነኛ ወጣት ደረት ላይ ይህን መከፈልና መግጠም ከትንፋሽ ጋር መከታተል፣ ልብና ሳንባ ሲነጋገሩ እንደመስማት ነው።

አሁን በላይኞቹ ሁለት ክፍሎች መካከል ካለው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይዞ የተወለደ ልጅ እናስብ። በቀዳዳው በኩል የሁለቱ ጎኖች ደም ስለሚገናኝ የትንፋሽ ለውጥ ለሁለቱም ይከፋፈላል፤ ቀኙ ጎንም ሁልጊዜ ትርፍ ደም ይሸከማል። ሁለተኛው ድምፅ ስለዚህ ሁልጊዜ የተከፈለ ነው፤ ልጁ አየር ቢስብም ቢያስወጣም ክፍተቱ አይንቀሳቀስም። የማይታየውን ቀዳዳ ያሳወቀው ከ0.1 ሰከንድ በታች የሆነ ጊዜ ነው። የለንደኑ ኦብሪ ሊተም በ1964 ሁለተኛውን ድምፅ የልብ ማዳመጥ ቁልፍ ማለቱ ያለምክንያት አልነበረም።

ሦስተኛና አራተኛ ድምፆችም አሉ። ሁለቱም ዝቅ ያሉ፣ በመሙያው ጸጥታ ውስጥ የሚመጡ ናቸው። ሦስተኛው ደሙ በፍጥነት ሲወርድ የሚሰማ ሲሆን፣ በልጆችና በነፍሰ ጡሮች ላይ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ትንፋሽ በሚያጥረው አዛውንት ላይ ሲገኝ ግን የተዳከመ ልብ ምልክት ነው። አራተኛው ላይኛው ክፍል በደነደነ ታችኛ ክፍል ላይ ሲገፋ የሚሰማ ነው፤ ብዙ ዓመት ያልታከመ የደም ግፊት ያመጣዋል።

ወደ ጸጥታው። ልብ ሲፈጥን ሁሉም ነገር በእኩል አያጥርም። ምቱ ከ75 ወደ 150 ሲወጣ አንዱ ዙር ከ0.8 ወደ 0.4 ሰከንድ ይወርዳል። መግፊያው ከ0.3 ወደ 0.2 ገደማ ሲያጥር፣ መሙያው ከ0.5 ወደ 0.2 ገደማ ይወርዳል። መግፊያው ሲሶውን ሲያጣ መሙያው ከግማሽ በላይ አጣ ማለት ነው። ሌላም አለ። የልብ ጡንቻ ራሱ የሚመገበው በአብዛኛው በዚሁ ጊዜ ነው፤ ሲጨብጥ በውስጡ የሚያልፉትን ደም ስሮች ስለሚጫን፣ በተለይ በግራው ታችኛ ክፍል ደም የሚገባለት ሲላላ ነው። ለመላው አካል የሚያጎርሰው ልብ ራሱ የሚጎርሰው በሁለተኛውና በሚቀጥለው የመጀመሪያ ድው መካከል ነው። ጤነኛ ሰው ዳገት ሲወጣ ይህን የጊዜ እጥረት ይቋቋመዋል፤ በሩ ሰፊ ስለሆነ ደሙ ቶሎ ይገባለታል። በሩ የጠበበበት ሰውስ?

በአገራችን ይህ ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። ጤነኛ ሚትራል ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሴንቲሜትር ይከፈታል። በልጅነት በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ካልታከመ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ሊያጠቃ ይችላል። ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ያበጠበት ልጅ ይድናል፤ የልቡ በር ግን ጠባሳ ይይዛል፤ በሽታው በተደጋገመ ቁጥር ቅጠሎቹ ይጣበቃሉ፣ ይወፍራሉ። ሰዉ «ቶንሲሉ ልቡን ያዘው» የሚለው ይህንን ነው፤ አነጋገሩም ከእውነቱ የራቀ አይደለም። ከእውነቱ የሚርቀው መፍትሔው ነው። ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ብክለት ይጨምርበታል። ፔኒሲሊን ግን በጊዜው ከተሰጠ ጉዳዩን እዚያው ይዘጋዋል።

በጠበበው ሚትራል ላይ ማዳመጫ ያሳረፈ ሐኪም የሚሰማው ሁሉ እስካሁን ያየነውን ዙር ይከተላል። የመጀመሪያው ድው ይጎላል፤ ቅጠሎቹ እስከ መጨረሻው ድረስ ተገፍተው ተከፍተው ስለሚቆዩ በኃይል ይዘጋሉ። ያለ ድምፅ ይከፈት የነበረው በር አሁን ሲከፈት ቀጭ ይላል። ከዚያ ጸጥ ማለት በነበረበት ጊዜ ውስጥ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ይከተላል፤ ደሙ በጠባብ ቀዳዳ እየታገለ ሲወርድ ነው። ከሁሉም የሚደንቀኝ የቀጭታው ጊዜ ነው። በሩ ይበልጥ በጠበበ ቁጥር በላይኛው ክፍል የታገተው ደም ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር በሩ ቀድሞ ይከፈታል፤ ስለዚህ ቀጭታው ወደ ሁለተኛው ድው ይጠጋል። የበሽታውን ክብደት ከሁለት ድምፆች ርቀት መገመት ይቻላል ማለት ነው።

ሚትራሏ የጠበበባት በሽተኛ ብዙ ጊዜ ወጣት ሴት ናት፤ ብዙ ጊዜም እስክታረግዝ ድረስ መታመሟን አታውቅም። በእርግዝና የደሟ መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ልቧም ይፈጥናል። የሚያልፈው ደም በዛ፣ የሚያልፍበት ጊዜ አጠረ፣ በሩ እንደጠበበ ነው። ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ስትተኛ ያፍናታል፣ ሌሊት ተነስታ ቁጭ ትላለች፣ ትስላለች። «እርግዝና ነው»፣ «አስም ነው»፣ «ብርድ ነው» ትባላለች። ምቱን የሚያዘገይ መድኃኒት እንዲህ ላለችው እናት የሚጠቅመው በሩን ስለሚያሰፋ አይደለም፤ የመሙያውን ጊዜ ስለሚመልስላት ነው። በሩን ለማስፋት ከተቻለ በብሽሽት ደም ስር የሚገባ ፊኛ አለ፤ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ በ1984 ያሳተመው ዘዴ ደረት ሳይከፈት የተጣበቁትን ቅጠሎች ያላቅቃል። ካልሆነ በቀዶ ጥገና በር ይቀየራል። ብረት ነክ በር የተተከለለት ሰው ሌሊት ጸጥ ሲል የገዛ ልቡን ቀጭ ቀጭታ ያለ ማዳመጫ ይሰማዋል፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒትም ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል።

በሕፃናት የልብ ሐኪሙ በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሳሽነት በ1989 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም በዚህ በሽታ በር ወደ መቀየር የደረሰ ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመታት በፊት በርካሽ መርፌ ሊድን ይችል የነበረ ልጅ ነው።

ጆሮ ታዲያ ይበቃል? አይበቃም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትስ በ1953 ስዊድን ውስጥ፣ ሉንድ ላይ የጀመሩት የልብ አልትራሳውንድ የጆሮን ወሰን አሳይቷል። በ2007 የታተመ ጥናት በሞዛምቢክና በካምቦዲያ ተማሪዎችን በማዳመጫም በአልትራሳውንድም መረመረ። በሞዛምቢክ ማዳመጫው ከ1000 ልጆች 2 ያህሉን ሲያገኝ፣ አልትራሳውንዱ 30 ያህሉን አገኘ። የተጎዳ በር ለዓመታት ያለ ድምፅ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። እነዚህ ድምፅ አልባ ጉዳቶች ሁሉ ይብሳሉ ወይ የሚለው ለረጅም ጊዜ አከራክሮ ነበር። በሰሜን ኡጋንዳ ተሠርቶ በ2022 የታተመ ሙከራ ጥሩ መልስ ሰጥቷል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከተወጉት ልጆች ከ100 አንዱ እንኳ ሳይሞላ፣ ካልተወጉት ደግሞ ከ100 ስምንት ያህሉ ብሶባቸዋል። ቀድሞ ማወቅ ዋጋ አለው፤ ቀድሞ ለማወቅ ደግሞ ጆሮ ብቻውን ይዘገያል።

ቢሆንም ማዳመጫውን ለመጣል የሚቸኩሉትን አልደግፍም። አልትራሳውንዱ ባለበት ከተማና በሌለበት ጤና ጣቢያ መካከል የቀን መንገድ ሊኖር ይችላል፤ ማን ወደ ከተማው ይላክ የሚለውን የሚወስነው አሁንም ጆሮ ነው። ጆሮ የሚያመልጠው ከአቅሙ በላይ የሆነው ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ያልተሰጠውም ያመልጠዋል። የሚትራል ጉርምርምታ በተቀመጠ በሽተኛ ላይ፣ በልብስ ላይ፣ ሰው በሚያወራበት ክፍል ውስጥ አይሰማም። በሽተኛዋ በግራ ጎኗ መተኛት አለባት፤ ልብ ወደ ደረቷ ግድግዳ እንዲጠጋ። የማዳመጫው ደወል መሰሉ ጎን ከጡቷ ሥር፣ የልብ ጫፍ በሚመታበት ቦታ፣ ሳይጫን ቀስ ብሎ ያርፋል፤ ከተጫኑት ዝቅተኛው ድምፅ ይጠፋል። አየር አስወጥታ ትንሽ እንድትቆይ ትጠየቃለች። የሐኪሙ ሌላ እጅ አንገቷ ላይ ያለውን ትርታ ይይዛል፤ ከትርታው ጋር የገጠመው የመጀመሪያው ድው ነው፤ የሚቀጥለው ሁለተኛው ነው። ከእሱ በኋላ ያለውን እያዳመጠ ይጠብቃል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ ከበሩ ውጭ ሰልፉ ቢረዝምም።